ቢጫ ልጅና የቅሬ ጥሩምባ

ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው መልሴን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ያየኛል። የወረዳችን የሥርዓተ ምግብ አስተባባሪ ነኝ። ፋብሪካው የበሳው ቀዳዳ ስለማይበቃኝ ቀበቶዬን በምስማር እየበሳሁ የማጠብቅ፣ ነፋስ ሲነሳ ግንብ የምጠጋ እኔ፣ ሕዝቡ በወጉ እንዲበላ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ሰዓዳ «አንተ ስለ ምግብ ቆመህ ስታስተምር ሰዉ ምን ይላል?» ትለኛለች። የሚለውንማ አውቃለሁ። ቆቦ ገበያ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ትምህርቴን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምታ «ጌታው፣ እርስዎ ይጀምሩትና እኛ እንከተላለን» ብላኛለች።

እኔ የምከሳው ምግብ አጥቼ አይደለም። የሚያከሳኝ ማስተባበር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ በአንድ ምክንያት ብቻ አይከሳም። ውሃው ከቆሸሸ የበላው አይረጋለትም። ጓሮው ባዶ ከሆነ ከማሽላ ቂጣ ሌላ አያይም። እናቱ ካልተማረች፣ ጤና ጣቢያው ከራቀ፣ ሁሉም ተደማምሮ ክንዱ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ጤና ብቻውን አይችለውም፣ ግብርናም ውሃም ትምህርትም አብረው ይሥሩ ተባለ። ልክ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ብልህ ነው። ብቻ እሱ ራሱ አንድም ቀን ስብሰባ ጠርቶ አያውቅም ብዬ እጠረጥራለሁ።

እኔ ጠርቻለሁ። በእኛ ስብሰባ ሰው በስሙ አይጠራም፣ በመሥሪያ ቤቱ ነው የሚጠራው። «ግብርና መጣ?» «መንገድ ላይ ነው።» «ውሃስ?» «ውሃ ዛሬም የለም።» ውሃ ለምን እንደሌለ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ በቆላው አገር ውሃ አለመኖሩን ለምደነዋል። ኃላፊው ተወካይ ይልካል፣ ተወካዩም የራሱን ተወካይ ይልካል። አንድ ጊዜ ትምህርትን ወክሎ የመጣው የግቢው ዘበኛ ነበር። ከሁሉም በላይ በጥሞና ያዳመጠኝ ግን እሱ ነው። ስንወጣ እጄን ጨብጦ «ያልከው ሁሉ እውነት ነው ወንድሜ፤ ግን ለማን ልንገረው?» አለኝ።

የተገኙት ደግሞ ይስማማሉ። በመርህ ደረጃ ያልተስማማንበት ነገር የለም። ስለ ምግብ በምንነጋገርበት ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብልን ለስላሳና ብስኩት ነው፤ ለምን ስል መስተንግዶው የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው ተባልኩ።

አሁን ወደ ኢክራም ልምጣ።

ከሮቢት ወደ ቆላው ገባ ብላ ያለች አንዲት መንደር አለች። ማሽላው ሲዘራ የተበላሸው የውሃ ቦኖዋ ማሽላው ሲታጨድም አልተጠገነም። ሴቶቹ ከወንዝ ነው የሚቀዱት። ወደዚያ ስሄድ በዋናው መንገድ ቲማቲምና ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች እየተሽቀዳደሙ ያልፉኛል፤ የቲማቲሙ አገር ልጆች ግን ቲማቲሙን በአቧራው ውስጥ ሲያልፍ ነው የሚያዩት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብርቄ የልጆችን ክንድ በጥብጣብ እየለካች ነበር። ጥብጣቡ ሦስት ቀለም አለው። አረንጓዴ ደህና ነው። ቀይ አደጋ ነው፤ ቀይ የወጣ ልጅ ጤና ጣቢያ ይገባል፣ በከረጢት የታሸገውን ምግብ ያገኛል። በመካከሉ ቢጫ አለ።

ኢክራም ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ዓይኗ ብቻ የቀረ ልጅ ናት። ብርቄ ስትለካት ጥብጣቡን ጎትታ ልትበላው ሞከረች።

«ቢጫ ናት» አለች ብርቄ።

«ቢጫ ሲሆን ምን ትሰጡኛላችሁ?» አለች እናቷ ከድጃ።

«ለቢጫ የሚሰጠው ዱቄት ካለቀ ቆየ። ቀይ ብትሆን ኖሮ...»

ብርቄ ጨርሳ ሳትናገር እኔን አየችኝ። ቢጫ የእኔ ነውና። ቀይ የጤና ነው፣ አረንጓዴ የእግዜር ነው፣ ቢጫ ግን የሁሉም መሥሪያ ቤት ነው። የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚያዝ የምታውቁት ነው።

«ወንድሜ» አለችኝ ከድጃ፣ «ገንፎ አብያት አላችሁኝ፣ አበላኋት። እንቁላል አላችሁኝ፣ ዶሮዋ የጣለችውን አንድም አልሸጥኩም፣ ለሷ ነው። ወላሂ እኔ አልሰነፍኩም። ውሃው ነው። ያበላኋትን ሁሉ ውሃው ይዞብኝ ይወጣል። እንግዲህ ቀይ እስክትሆን ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?»

«አብሽሪ» አልኳት። አብሽር የሚለውን ቃል ወሎ ለታመመም ላዘነም ሲሰጥ ኖሯል። እኔ የሰጠኋት ሌላ የምሰጣት ስላልነበረኝ ነው። አፍሬ ተመለስኩ።

ቆቦ ገብቼ በየቢሮው ዞርኩ። ውሃ ቧንቧም ባለሙያም አለው፣ መኪና የለውም። ግብርና መኪና አለው፣ ነዳጅ የለውም። ጤና ነዳጅ አለው፣ መኪናው ደሴ ጋራዥ ቆሟል። ትምህርት ምንም የለውም፣ ግን ስለ ማንኛውም ነገር መጀመሪያ እጁን የሚያወጣው እሱ ነው። እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ የተከራዩ ጎረቤቶች ቢሆኑ ይህ ነገር ከቁርስ በፊት ያልቅ ነበር። እዚህ ግን ውሃ «ግብርና በደብዳቤ ይጠየቅ» ይላል፣ ግብርና «ጤና ነዳጁን ያስቀድም» ይላል፣ ጤና «ውሃ ቀን ይቁረጥ» ይላል።

ቀን መቁረጡም ሌላ ፈተና ነው። ሁሉም መንደሯ ድረስ ይምጡ፣ ቦኖው ይጠገን፣ በዚያው ለእናቶች የምግብ አሠራር እናሳይ ብዬ ነበር። አንዱ ቀን ገበያ ነው። አንዱ ጁምዓ ነው። አንዱ ጾም ነው፣ እንቁላል ተቀቅሎ ማን ይቀምሰዋል? አንዱ የግብርና ኃላፊው የማኅበር ዝክር ነው። በመጨረሻ አላህም እግዜርም ገበያም ያልፈለጉት አንድ ማክሰኞ ተገኘ። «እንገኛለን፣ በመርህ ደረጃ» አሉ ሁሉም።

ማክሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ሮቢት ደረስኩ፣ ከዚያ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ «ጋሼ ምነው? አሞዎታል እንዴ?» አለኝ። «የወረዳው ምግብ ነኝ፣ ደክሞኛል» አልኩት። እውነቴን ነበር፣ ግን ይህች እውነት ኋላ ጉድ አመጣችብኝ። መንደሯ ጠርዝ አውርዶኝ እየዞረ እያየኝ ሄደ።

መንደሯ ውስጥ ከድጃ፣ ጀርባዋ ላይ ኢክራም፣ ብርቄና አንድ የተኛ ውሻ ነበሩ። መኪና የለም። ሕዝብም የለም፤ ሰዉ እርሻ ነው፣ ጠርቶ የነገረው የለም። መንገር የነበረበት ማን ነው? አስተባባሪው። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ወጣሁና ደወልኩ። ግብርና ስብሰባ ላይ ነው። ጤና ስብሰባ ላይ ነው። ትምህርት ወደ ስብሰባ እየገባ ነው። ውሃ ስልኩ ዝግ ነው። የኔም ስልክ በሰው ስብሰባ ተሰላችቶ ነው መሰለኝ ባትሪው አለቀ።

ስወርድ አያ ይመርን ሾላው ጥላ ሥር አየኋቸው። አያ ይመር የቅሬው ጠሪ ናቸው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ሰው ሲሞት የመንደሩ እስላምና ክርስቲያን አብሮ የሚቀብርበት ነው። አያ ይመር ጥሩምባቸውን ሲነፉ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይመጣል። እኔም እንደ ጅል ብልሃት መጣልኝ።

«አያ ይመር፣ እባክዎን ጥሩምባዎን ይንፉልኝ።»

ብድግ አሉ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሰው እንዲሰበሰብ ነው፣ ለትምህርት።»

ተመልሰው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ይህ ጥሩምባ ትምህርት አያውቅም።»

«ጥሩምባ ምን ያውቃል አያ? ሰዉ ሲመጣ እኔ አስረዳለሁ።»

«ጥሩምባ ከተነፋ ወዲያ ሰው ነገር አይሰማም። የማን ደጅ እንደሆነ ነው የሚጠይቀው፣ በቃ።»

«እንግዲያው የከድጃ ደጅ ነው ይበሉ። ለልጇ ለኢክራም ነው። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ማለትን ከስብሰባ ነው የተማርኩት፤ እዚያ ብዙ ጊዜ ይባላል፣ የወሰደው ሰው ግን ታይቶ አይታወቅም። አያ ይመር ይህን አያውቁም። ሰው የተናገረውን የሚያደርግ ይመስላቸዋል። ጉብታው ላይ ወጡና ነፉት። «ወደ ከድጃ ደጅ!» ብለው ደገሙት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

መጀመሪያ ከማሽላው መካከል ለቅሶ ተሰማ። ቀጥሎ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በየአቅጣጫው ብቅ ብቅ አሉ። ከድጃ ለቅሶው ወደ እሷ ቤት መምጣቱን ስታይ ደነገጠችና እጇን ወደ ኋላ ልካ ጀርባዋ ላይ ያለችውን ልጇን ዳሰሰች። ትተነፍሳለች። ግን ደጋግማ ዳሰሰቻት። ይህን ሳይ የሠራሁት ሥራ ገባኝ፣ ግን ዘግይቼ ነበር።

ድንጋይ ላይ ወጥቼ «ወገኖቼ! ማንም አልሞተም!» አልኩ። ማን ይሰማኛል? አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው እጄን ያዙና «አላህ ያጽናህ» አሉኝ። «አሜን» አልኩ። ለቅሶ ላይ አፍ በልማድ ነው የሚሠራው። አንዲት እናት «ነፍስ ይማር» ሲሉኝ «አብሮ ይማር» አልኩ። በገዛ አፌ ሞቱን አጸደቅሁት ማለት ነው።

ሕዝቡ ግን ሥራውን ጀምሮ ነበር። አንዱ የድንኳኑን እንጨት፣ ሌላው ሸራውን ይዞ መጣ። ውሃ በጀሪካን በአህያ ተጫነ። ማገዶ ወረደ። ትልልቁ ድስት ተጣደና ስንዴው፣ ሽምብራው፣ ባቄላው ከየቤቱ ተራግፎ ንፍሮ ይንተከተክ ጀመር። ማን ምን ያምጣ ብሎ የጠየቀ የለም። ተወካይ የላከም የለም። እኔ ይህን ለማድረግ ስንት ጊዜ ለስላሳ አስከፍቻለሁ!

ወዲያው ወጣቶቹን አየሁ። ዶማና አካፋ ተሸክመው ወደ መካነ መቃብሩ እየሄዱ ነው። ለኢክራም ሊቆፍሩ!

ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም፣ ቀበቶዬም አልለመደውም መሰለኝ በምስማር የበሳሁት ላይ ተበጠሰ። ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው እያወዛወዝኩ «ቁሙ! አልሞተችም! አልሞተችም!» እያልኩ ደረስኩባቸው። ወጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሐዘን የጠናበት ሰው አልሞተም ማለቱ የተለመደ ነው።

«ምስኪን፣ አጎቷ ነው መሰል» አለ አንዱ። «ያዙት፣ ራሱን እንዳይጎዳ።»

«አብሽር ጋሼ፣ አብሽር» አለኝ ሌላው፣ ወገቤን በሁለት እጁ ቆልፎ። እኔ ለከድጃ የሰጠኋት ቃል ተመልሶ ወደ እኔ መጣ። አልረዳኝም፣ እሷንም እንዳልረዳት ያን ጊዜ አወቅሁ።

ተሸክመው ድንኳን ውስጥ አስቀመጡኝ። ጋቢ አለበሱኝ። «እህል ቅመስ፣ እንዲህ ሆነህ ሐዘን አትችለውም» ብለው ንፍሮ በእፍኝ አስጨበጡኝ። ደክሞኝ ነበር፣ በላሁ። እንደዚያ የጣፈጠ ነገር ከበላሁ ዓመታት አልፈውኛል። ደግሞ ስንዴውም፣ ሽምብራውም፣ ባቄላውም አብሮ! በሥዕል ተሸክሜ የማስተምረው ድብልቅ ምግብ፣ ሰው ሲሞት ብቻ የሚቀቀል ሆኖ አገኘሁት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ባጃጁ ሮቢት ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ጥሩምባ መነፋቱን ሰማ። «ጠዋት አንድ የከሳ ሰውዬ አድርሻለሁ፣ የወረዳው ምግብ ነኝ ብሎኛል፣ ደክሞኛል እያለ ነበር» አለ። ወሬው ቆቦ ሲደርስ የሞትኩት እኔ ሆኜ ነበር። ወደ እኔ ስልክ ተደወለ፣ ስልኬ ዝግ ነው። ቆቦ አልቅሶ አረፈው።

አቧራ ተነሳና አንድ ፒካፕ መጣ። የግብርና መኪና ናት። በጤና ነዳጅ ነው የመጣችው። ከፊት ግብርናና ጤና፣ ከኋላ ትምህርትና ውሃ ተቀምጠዋል። ውሃ ሬሳ ለመሸከም ጉልበት አለው ብሎ ባለሙያውን ከነመፍቻ ቦርሳው አሳፍሮታል። አራቱ መሥሪያ ቤቶች ባንድ መኪና ሲሄዱ ያየ ሰው ካለ ምስክር ይሁነኝ፣ እኔ ያየሁት ሞቼ ነው።

ግብርና «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ድንኳኑ ገባና ጋቢ ለብሼ ንፍሮ ሳላምጥ አገኘኝ። እንባው ጉንጩ ላይ ቆመ።

«አለህ እንዴ?»

«አለሁ» አልኩ። ይቅርታ የመጠየቅ ያህል ተሰማኝ። ጤና የእጄን ትርታ ለካ። ሱሪዬን እንደያዝኩ መነሳት ስላልቻልኩ ተቀምጬ ሰላም አልኳቸው።

ይህን ጊዜ አያ ይመር መካከል ቆመው ነገሩን አስረዱ። ሰው አለመሞቱ ደስ ሊያሰኝ ይገባ ነበር፣ ግን ያን ሁሉ እንባ ማን ይመልሰው? እጄን ይዘው የነበሩት ሽማግሌ ዞረው አዩኝ፤ ያን አስተያየት ለጠላቴ አልመኝም። ውሃ ደግሞ ጫማውን ከአቧራ እያራገፈ በቁጣ «ታዲያ የሞተው ማን ነው? ማን ሞቶ ነው ከሥራ ያስነሳችሁን?» አለ።

ከድጃ ኢክራምን ከጀርባዋ አውርዳ ፊቱ ላይ አቆመቻት። ልጅቷ እግሮቿ እየተንቀጠቀጡ የውሃን ሱሪ ያዘች።

«ይቺ ናት» አለች ከድጃ። «እስካሁን አልሞተችም። ለሬሳዋ እንደምትመጡማ ዛሬ አየሁ፣ አላህ ይስጣችሁ። በሕይወት እያለች እንድትመጡስ ምን ይነፋላችሁ?»

ትምህርት እንኳ እጁን አላወጣም።

አንዱ ወጣት ዶማውን ከትከሻው አወረደ። «ይህን ዶማ እንግዲህ ምን እናድርገው?» አለ። ባለሙያው ቧንቧው ከተቀበረበት የሆነ ቦታ ላይ መፈንዳቱን፣ ለማግኘት ብዙ ቁፋሮ እንደሚጠይቅ፣ ቆፋሪ ደግሞ የትኛውም ቢሮ እንደሌለው እያንገራገረ ተናገረ። ሌላ የተባለ ነገር የለም። ለመቃብር የወጣው ዶማ ሁሉ ወደ ቦኖው ዞረ። ግብርና ኮቱን አውልቆ ቆፈረ። ውሃ ራሱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቧንቧ ያዘ። ሴቶቹ ንፍሮውን ለልጆቹ አካፈሉ፣ ብርቄ ለኢክራም ሽምብራውን ልጣ እያላመች አጎረሰቻት። እኔ አያ ይመር በሰጡኝ ገመድ ሱሪዬን አስሬ ድንጋይ አቀበልኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቦኖው መጀመሪያ እህ እህ ብሎ ሳለ፣ ከዚያ ቡናማ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። እልል ተባለ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡ ሴቶች አስተካክለው ለበሱና ጀሪካን አሰለፉ።

ልሄድ ስል አያ ይመር ጥሩምባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። ገመዱን ልመልስላቸው ብል «ያዘው» አሉኝ። ቀጥለውም «ሁለተኛ ግን እንዳትጠይቀኝ» አሉ። «ዛሬ ጥሩምባው ዋሽቷል። እውነቱ ሲመጣ ሰው ቢዘገይ በማን ይፈረዳል?»

ውሎ አድሮ ኢክራም አረንጓዴ ገባች። ብርቄ ስትነግረኝ ደስ አለኝ፣ ከሮቢት እስከ ቆቦ ሚኒባስ ውስጥ እያፏጨሁ መጣሁ፣ ተሳፋሪው እስኪቆጣኝ። ሰዓዳ ያን ማታ ሁለት ጊዜ መብላቴን አይታ አሞሃል ወይ አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ጎብዬ አጠገብ ባለች መንደር የሌላ እናት ልጅ ተለካ። ቢጫ ነው። የዚያም መንደር ቦኖ ደረቅ ነው። ስብሰባ ጠራሁ። ብስኩቱ ቀረበ፣ ወንበሮቹ ተደረደሩ፣ ከዘበኛው በቀር የመጣ የለም። ጠብቄ ጠብቄ ለውሃ ደወልኩ።

«ዛሬስ አይመቸኝም» አለኝ። «ምነው፣ የሞተ ሰው አለ እንዴ?»

«እስካሁን የለም» አልኩት።

«በል እንግዲያ ሌላ ቀን ይሁን» አለና ዘጋው።